በተቀዳ ሲግናል የጂፒኤስ ተቀባይ ሲፈተሽ የሚያጋጥም ሳተላይት ያለመያዝ ችግር፦ የኦሲሌተር ስሕተት ድርሻ

የጂፒኤስ ሲግናልን ቀድቶ በሶፍትዌር ሬዲዮ መልሶ በማጫወት ተቀባይ መሣሪያን መፈተሽ፣ አንድን ሁኔታ በቤተ ሙከራ ውስጥ ደጋግሞ ለመፍጠር ያስችላል። ሆኖም ተቀባዩ አንድም ሳተላይት ሳይዝ ሲቀር ጉድለቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ ውጤት ከተመዘገበ፣ ጤናማው ተቀባይ ያለ ጥፋቱ ከፈተና ይወድቃል።

በተለምዶ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የማጫወቻውን ኃይል መጨመር ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። ከሰማይ የሚደርሰው ሲግናል ኃይሉ −128.5 ዲቢኤም ገደማ ስለሆነ፣ በኬብል ሲገናኙ የሚያሰጋው ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው፤ አንድ ሚሊዋት የሚያወጣ ማጫወቻ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊዳከም ይገባል። (ተቀባዩ ለአንቴና የሚልከው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክም ማጫወቻውን እንዳይጎዳ መታገድ አለበት።)

ከኃይል ይልቅ ሊጠረጠር የሚገባው ድግግሞሽ ነው። የኤል1 ሲግናል በ1575.42 ሜጋኸርዝ ይተላለፋል። የማጫወቻው ክሪስታል ከሚሊዮን 20 እጅ ቢስት ልዩነቱ 31.5 ኪሎኸርዝ ይደርሳል። በአንጻሩ መሬት ላይ ለቆመ ተቀባይ የዶፕለር ለውጥ ከ5 ኪሎኸርዝ እምብዛም አያልፍም፤ ተቀባዩም የሚፈልገው በዚሁ ዙሪያ፣ የራሱን ሰዓት ስሕተት ጨምሮ ነው። ሲግናሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከፍለጋው ክልል ውጪ ይቀራል። ስሕተቱ ከሚሊዮን 0.5 እጅ የማይበልጥ፣ የሙቀት ማካካሻ ያለው ኦሲሌተር ግን ልዩነቱን ከ800 ኸርዝ በታች ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አሳሳች ነገር አለ። ቀረጻውም ማጫወቱም በአንድ መሣሪያ ሲከናወን፣ በቀረጻ ጊዜ የገባው ስሕተት በማጫወት ጊዜ በተቃራኒው ተመልሶ ይጣፋል። ያው ፋይል በሌላ መሣሪያ ሲጫወት ግን ስሕተቱ ይገለጣል፤ በአንድ ቤተ ሙከራ የሠራ ፋይል በሌላው እንቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ለማጣራት የማጫወቻውን ማዕከላዊ ድግግሞሽ በ1 ኪሎኸርዝ ደረጃ እያዛወሩ፣ በየደረጃው ተቀባዩን ከባዶ አስነስቶ በቂ ጊዜ መጠበቅ ይበቃል።

ሳተላይቶች በጥሩ ጥንካሬ እየታዩ ቦታ ካልተሰላ ግን ድግግሞሹ ነፃ ነው። የምሕዋር መረጃው በየ30 ሰከንዱ ስለሚደገም ቀረጻው አጭር መሆኑ፣ ወይም ተቀባዩ በማስታወሻው ከያዘው ጊዜ ጋር አለመጣጣሙ ይመረመራል። ሁሉም ሳተላይቶች በአንድ ቅጽበት ከጠፉ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ወደ ሬዲዮው ሲተላለፍ የተቆረጠ ናሙና መኖሩ ሊጠረጠር ይገባል፤ የሕንፃ ጥላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ በአንድ እንጂ ሁሉንም በአንዴ አይወስድም።