በስህተት ሒሳባችን ውስጥ የገባ ገንዘብ የማን ነው?



በዚህ ትምህርት የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለየቲሞች የምንሰጠውን ሰደቃ ከመሠረቱ የሚነካ ነው። አንድ ሰው የባንክ ሒሳቡን ሲመለከት ያልጠበቀው ገንዘብ ገብቶ ያገኛል። የሸጠው ዕቃ፣ ያበደረው ብድር የለም። ምን ያድርግ? ከሚሰጡት መልሶች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን በበጎ ልብ የሚነገረው ነው፤ «እኔ አልበላውም፣ ለየቲሞች እሰጠዋለሁ» የሚለው።

በ1445 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሥርዓቱ በመበላሸቱ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በሌሊት ተዛመተ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ያላግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተነገረ፤ ብዙዎች መለሱ፤ ካልመለሱት መካከል ግን የብዙዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ። በእርግጥ ያ ሌሊት ከጉዳያችን ይለያል። እነዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱ፤ እዚህ ግን ገንዘቡ ራሱ መጥቶ ገባ። ሆኖም ሰዎች ራሳቸውን ለማጽናናት የሚያቀርቡት ምክንያት በሁለቱም ዘንድ ያው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት «ባንኩ በወለድ የሚሠራ ነው፣ ገንዘቡ ክብር የለውም» የሚል ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና በተሰደዱበት ሌሊት የሆነውን እናስታውስ። ቁረይሾች ሊገድሏቸው ተማክረው ቤታቸውን ከበዋል፤ ባልደረቦቻቸውን አሰቃይተዋል፣ ንብረታቸውንም ቀምተዋል። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ግን ንብረታቸውን በአደራ እርሳቸው ዘንድ ያስቀመጡ ነበሩ። ያንን ለበደላቸው ካሳ አድርገው ይዘው መውጣት ሲችሉ፣ ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) እያንዳንዱን አደራ ለባለቤቱ እንዲመልሱ መካ አስቀሯቸው። የባለቤቱ ጥፋት የእኛን ግዴታ አያነሳም። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 58 የተነገረው ትእዛዝም አደራ ለባለቤቱ እንዲመለስ ነው እንጂ ባለቤቱ ጥሩ ሰው ከሆነ ብቻ አላለም። ደግሞስ ገንዘቡ የባንኩ ነው ያለው ማን ነው? በሒሳብ ቁጥር አንድ አኃዝ ሲሳሳት የእናት ቀለብ የእኛ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ልጅቷ ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው።

ሁለተኛው ምክንያት «ወድቆ እንደተገኘ ዕቃ ነው» የሚለው ነው። ዘይድ ኢብን ኻሊድ አል-ጁሀኒ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ወድቆ የተገኘ ንብረት (ሉቀጣ) ለአንድ ዓመት ይነገርለታል፤ ባለቤቱ ካልመጣ ያገኘው ይጠቀምበታል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ባለቤቱ ሲመጣ ይመልስለታል። ይህ ግን ባለቤቱ ላልታወቀ ንብረት ነው። የባንክ ገንዘብ ከየት እንደመጣ መዝገቡ ያውቀዋል።

ወደ ሰደቃው እንመለስ። ሊቃውንት ባለቤቱ ጨርሶ ሊገኝ ያልቻለ ገንዘብ ለድሆች እንደሚሰጥ ተናግረዋል፤ ይህም ሰጪው ከገንዘቡ ለመገላገል ነው እንጂ የሰደቃ ምንዳ ለማግኘት አይደለም። ባለቤቱ በአንድ ማመልከቻ በሚገኝበት ሁኔታ ግን ይህ በር ዝግ ነው። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን አይቻልም፤ የየቲም ጉሮሮም የእኛን ጥርጣሬ የምናራግፍበት ቦታ አይደለም። ከማያውቀው ሰው ገንዘብ 1,000 ብር ከሚመጸውት፣ ከላቡ 10 ብር የሚሰጥ ይሻላል እንላለን።

የሀገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ተቀባዩ እያወቀ ከያዘው ወለድም ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ገንዘቡ ሳይነካ ይቀመጥ። የዘካ ስሌት ውስጥም አይግባ፤ ንብረታችን አይደለምና። ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት፣ ቀን የተጻፈበትን ቅጂ መያዝ፣ ተመላሹንም ባንኩ ራሱ እንዲያደርገው መተው ይገባል። «በስህተት ልኬልሃለሁ፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል ሰው በገዛ እጅ መላክ አደገኛ ነው፤ አታላዮች ሐሰተኛ መልእክት ልከው የሰውን ገንዘብ የሚወስዱበት መንገድ ነውና። ሳያውቅ ያጠፋው ሰው ኃጢአት ባይኖርበትም ዕዳው በላዩ ነው። መክፈል ካቃተው በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ይዋዋል፤ የተቸገረን ባለዕዳ መታገሥ በሱረቱ አል-በቀራህ አንቀጽ 280 የታዘዘ ነውና።

በመጨረሻም ለየቲም አሳዳጊ እናቶችና ዘመዶች አንድ ቃል አለን። የልጁ ድጋፍ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ገብቶ ብታገኙ፣ ጭማሪ መስሏችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁን። ሁለተኛው ክፍያ ስሙ ከልጃችሁ ስም ቀጥሎ የተመዘገበ የሌላ የቲም ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ የዚያም ልጅ እናት በዚያው ሳምንት ባንክ ደርሳ ባዶ እጇን ተመልሳ ይሆናል።