አጥሩ ለፈረሰበት ሰው



በቅርቡ ከጁምዓ ሶላት ተመልሼ ጋምቤላ ከተማ ያለችውን ሱቄን ስከፍት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ መጡና፣ «አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡበት። ነገ አፍርሰው ቢሄዱ ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔን የጠየቁኝ የሕግ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ። የጠየቁኝ በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ተበድዬ መሸነፌን ስለሚያውቁ ነው። ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ወደ ጋምቤላ ከመምጣቴ በፊት ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ እኖር ነበር። አንድ ቀን በማለዳ የአካባቢው አስተዳደር ሰዎች ግሬደር ይዘው መጡና የቆርቆሮ አጥሬን፣ አንዲት ክፍል ቤትና አባቴ የተከላቸውን ሁለት የማንጎ ዛፎች ጠራርገው ሄዱ። ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ስለ ካሳም የነገረኝ አልነበረም። እኔም በበኩሌ ሁለት ስሕተት ሠራሁ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ማንሳቴ ነው። አልወረወርኩትም። ነገር ግን ማንሳቴ ብቻ አንድ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አሳደረኝ። በማግስቱም ወሬው ሁሉ ስለ ፈረሰው ቤቴ መሆኑ ቀርቶ ስለ ድንጋዩ ሆነ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ጉዳይዎ ተመርቷል»፣ «በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» እየተባልኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተመላለስኩ። ይህን ሰብር ብዬ ቆጠርኩት። በመጨረሻ ክስ ስመሠርት ተከሳሹ ስለ ማንጎዎቹ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚል መልስ ሰጠ። ዳኛውም ተቀበሉት። ሐቄ ሐቅ ሆኖ ሳለ በቀን ቆጠራ ተረታሁ። ለካስ ሰብር ማለት በሐቅ ላይ መጽናት እንጂ ሐቅን እስኪያረጅ ድረስ አስቀምጦ ዝም ማለት አልነበረም!

ይህ የእኔ የአንድ ሰው ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የከተማ ሰው ሁሉ ነገሩን በየሰፈሩ ያውቀዋል። በ2015 በሸገር ከተማ መስጊዶች በፈረሱ ጊዜ፣ በግንቦት ወር በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ከጁምዓ በኋላ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት መጥፋቱን የምንረሳው አይደለም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት በአዲስ አበባ ፒያሳን የመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል።

ጋምቤላም የራሷ ታሪክ አላት። ከ2003 ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ 45,000 ያህል አባወራዎችን ወደ መንደር የማሰባሰብ ዕቅድ በክልሉ ወጥቶ ነበር። መንግሥት ፕሮግራሙ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ለማቅረብ የታሰበ ነው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ግን በጥር 2004 ባወጣው ዘገባ፣ ብዙዎች ሳይፈልጉ ከእርሻቸውና ከቀያቸው መነሳታቸውን፣ እምቢ ያሉትም መደብደብና መታሰር እንደደረሰባቸው ገለጸ። በ2005 መባቻ ከጋምቤላ የተሰደዱ ሰዎች ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት የዓለም ባንክ የራሱ መርማሪ ፓናል ጉዳዩን ተመለከተ፤ ባንኩ ገንዘብ በሚሰጥበት ፕሮግራምና በመንደር ማሰባሰቡ መካከል ያለውን ግንኙነት በአግባቡ አላጤነም ሲልም ደመደመ። በሐምሌ 2006 ደግሞ የአንድ የጋምቤላ ገበሬ ጉዳይ ለንደን ከሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰና እንዲታይ ተፈቀደ። በ2007 ብሪታንያ ለዚያ ፕሮግራም የምትሰጠውን ገንዘብ አቆመች።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? የለንደኑ ክርክር ስለ እርዳታ አሰጣጥ እንጂ ጎጆንና እርሻን ስለ መመለስ አልነበረም። የሩቅ ፍርድ ቤት የሩቅ መንግሥትን ሊጠይቅ ይችላል፤ የፈረሰን ቤት ማስመለስ ግን እዚሁ፣ በአገር ሕግና በአገር ፍርድ ቤት የሚሠራ ሥራ ነው። እንግዲህ ሕጉን እንወቅ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የግል ንብረትን ያስከብራል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ንብረት ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። ልብ በሉ፤ «በቅድሚያ» ነው የሚለው። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል፤ ይህም በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል። ስለዚህ አፍራሽ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም «ወረቀቱ የታለ?» የሚል ነው። የማን ውሳኔ ነው? በየትኛው ቀን ተወሰነ? ማን ፈረመበት?

ወረቀት ካለ ቀኑ መቆጠር ጀምሯል ማለት ነው። በአዋጅ 1161 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው የማስለቀቂያው ትእዛዝ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ነው። ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ቀጥሎም ፍርድ ቤት አለ። ማሻሻያ ስላለ የጊዜ ገደቡን በዚያው ሳምንት ከሕግ አዋቂ ማረጋገጥ ይገባል።

ወረቀት ከሌለ ደግሞ ነገሩ ማስለቀቅ ሳይሆን ጉዳት ማድረስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በአንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱ በሥራው ላይ የተፈጸመ እንደሆነም ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። ማፍረሱ ገና ከሆነም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት ፍርድ ቤቱ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው «በደሃ ደንብ ልክሰስ» ብሎ ይጠይቃል።

እኔን የጣለኝን ግን አትርሱት። የሁከት ይወገድልኝ ክስም ሆነ የጉዳት ካሳ ክስ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ይህን ቀን አያቆመውም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላሉ፣ ይመረምራሉ፣ የመፍትሔ ሐሳብም ይሰጣሉ። ወደ እነርሱ መሄድ መልካም ነው፤ ግን የፍርድ ቤቱን በር የሚተካ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ማስረጃ ነው። ማስረጃም ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከሄደ በኋላ አይሰበሰብም። ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ ወረቀት ሁሉ ቅጂው ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ቤቱና አጥሩ ከነዛፉ ፎቶ ይነሳ። ማመልከቻ ሁሉ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ አንደኛው በመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ። በቃል የተነገረ አቤቱታን ነፋስ ይወስደዋል።

«ካርታ የሌለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። በጋምቤላ ገጠር በአያት በቅድመ አያት መሬት ላይ የሚኖር፣ ወረቀት ግን የሌለው ብዙ ነው። ያው አንቀጽ 40 ለገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል፣ ለዘላኑም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። የእነዚህ ሰዎች ማስረጃ የመንደሩ ሽማግሌና በእጃቸው የተከሉት ዛፍ ነው። እዚህ ላይ እኛ ማንበብና መጻፍ የምንችል ሰዎች ዕዳ አለብን። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አኙዋኩ ወይም ኑዌሩ ጎረቤታችን በደሉን በቋንቋው አሳምሮ ይናገር ይሆናል፤ ማመልከቻው ግን በአማርኛ ይፈለጋል። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት አንቀጽ ጽፎ መስጠት ምን ያህል ያስከፍለናል?

ለሹሞቻችንም የምለው አለኝ። ሰይዲና ዑመር ኸሊፋ ሳሉ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ከዐባስ ቤት ጣራ አሸንዳ የወረደ ውሃ ልብሳቸውን አበላሸውና አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ዐባስ መጥተው አሸንዳውን እዚያ ያኖሩት ነቢዩ ራሳቸው እንደነበሩ ነገሯቸው። ዑመርም «ስብሰባ ላይ ነኝ» አላሉም። ዐባስ በጀርባቸው ላይ ቆመው አሸንዳውን ወደ ቦታው እንዲመልሱት አደረጉ። ያ ሁሉ ሥልጣን የነበራቸው ሰው በስሕተት ያስነሱትን አሸንዳ ለመመለስ ጀርባቸውን ከሰጡ፣ የዛሬው ሹም ለአንድ ደብዳቤ መልስ መስጠት እንዴት ይከብደዋል?

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአዛውንቱ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። ቆርቆሮውን ቆጠርን፤ ማንጎውን ፎቶ አነሳን፤ ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፤ እርሳቸው በአውራ ጣታቸው ፈረሙበት። ሰኞ ጠዋት ማኅተም የተደረገበትን ቅጂ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አጥሩ ይፍረስ አይፍረስ ገና አልታወቀም። ቢፈርስ ግን ድንጋይ አያነሱም፤ ሁለት ዓመትም አይጠብቁም።

እናንተስ? የቤታችሁ ወረቀት ዛሬ የት ነው ያለው? ወቢላሂ ተውፊቅ።