ምዕራፍ 7፦ ኩሽኔታ መዶሻ አይወድም

ባጃጅህ «ዉዉዉ» ማለት ከጀመረች መጀመሪያ ዘፈኑን ዝጋ። ሆሳዕና ውስጥ ቴፕ እያስጮኸ የሚሄድ ሹፌር ሳይ፣ ይሄ ልጅ ከተሳፋሪው የሚደብቀው ድምፅ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም።

ሜዳ ላይ በመጠኑ እየሄድክ ፍሪሲዮኑን ጨብጥና ሞተሩን ወደ ሚኒሞ አውርደው። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከወረደ ችግሩን ሞተርና ካምቢዮ ውስጥ ፈልገው። የባጃጅዋ ፍጥነት በቀነሰ ልክ እየቀነሰ ከሄደ ግን መጀመሪያ የጎማ ኩሽኔታን ጠርጥር። በክሪክ አንሥተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ነገ ዛሬ አትበል።

ኩሽኔታ በዕድሜው ሲሞት እምብዛም አይታይም። አብዛኛውን የሚገድለው ውሃ ነው፣ የቀረውን ደግሞ መዶሻ። በክረምት የአንጋጫንና የዱራሜን ጭቃ ተሸክማ የገባች ባጃጅ ላቫጆ ትወሰዳለች፤ አጣቢው ልጅም የውሃውን ግፊት በቀጥታ የጎማው እምብርት ላይ ይደቅነዋል። የእምብርቱ መክደኛ ጎማ፣ ፓራዮሊ፣ የተሠራው አቧራና የመንገድ ውሃ እንዲከለክል ነው እንጂ እንዲህ ያለውን ግፊት እንዲመልስ አይደለም። ስትፈታው ግራሶው ነጥቶ ካገኘኸው ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጭቃውን በባልዲና በብሩሽ አንሣ፤ ላቫጆ ለውጭ አካሏ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሆዴን ልናገር። ወንድም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ያጠራቀመውን ልኮ ባጃጅ ይገዛል። ሹፌሩ የዕለት ገቢውን ያስገባል፣ ቤተሰቡ ይቀበላል፣ ግራሶ ግን የማንም ዕዳ አይደለም። ወንዶቹ ለመስቀል በሬ፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር የሚቆጥቡበት አገር፣ ለአንዲት ኩሽኔታ የሚሆን ብር ሲጠፋ ይገርመኛል። የዕለት ገቢ የሚቀበል ሰው ለጥገና ከዚያው ላይ ቆንጥሮ ያስቀምጥ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሹፌሩን ለመውቀስ አፍ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ስለ አገባቡ፤ በካምቢዮው ኩሽኔታ ልጀምር። የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ነው፣ ኩሽኔታው ብረት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ በ7 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ይህን ዓይን አያየውም፣ ለኩሽኔታ ግን ሰፊ በር ነው። ስለዚህ ቤቱን ባዶ አድርገህ፣ ፓራዮሊውን አውጥተህ፣ በላምባ አጥበህ በደንብ አድርቀው፤ ላምባ የነካውን ነገር እሳት አጠገብ አታድርስ። ከዚያ በትልቅ ድስት የፈላ ውሃ ውስጥ ንከረው። ሆሳዕና ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አዲሱን ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልለህ ከጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን አስቀምጥልኝ በል።

ቤቱን በጨርቅ ይዘህ ስታወጣው ውሃው በቤቱ ሙቀት ይደርቃል። ኩሽኔታውን ቀጥ አድርገህ ልቀቀው፤ ጠቅ ብሎ መቀመጫው ላይ ይደርሳል። ቤቱ እስኪቀዘቅዝም ተጭነህ ያዘው። አጋድሎ ከቆመ በግድ አትግፋው፤ አውጣና ቤቱን እንደገና አሙቀው። በእሳት ነበልባል የሚያሞቁ አሉ፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲግል ቤቱ ይጣመማል። መዶሻ የሚያነሣ መካኒክ ጉልበት ስላለው አይደለም፣ ትዕግሥት ስለሌለው ነው። ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን የውጭውን ቀለበት፣ አክስል ላይ የሚገባውን የውስጡን ቀለበት ብቻ ተጫን። ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ካለፈ መሮጫቸው ይሰረጎዳል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ መጮህ ይጀምራል።

ዱራሜ የማውቀው አንድ ሹፌር የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ሲያስቀይር መካኒኩ አጠገብ ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ቱቦ የምትመስል ብረት መሬት ላይ ቀረች።

«ጋሼ፣ ይቺ ቦኮላ ተረፈች።»

«ትርፍ ናት፤ ኪስህ ውስጥ ክተታት።»

ያቺ ቦኮላ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ገብታ የውስጥ ቀለበቶቻቸውን የምትደግፍ ነበረች። እሷ ሳትኖር ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቶቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ኳሶቹም በጎን ይጨነቃሉ። ልጁ አንጋጫ ሳይደርስ፣ ቆጮ የያዙ ሴቶች ጭኖ፣ ጎማው ተቀርቅሮ ቆመ። ዳገት ላይ ስለነበረ ሰው አልተጎዳም። ቦኮላዋ እዚያው ሱሪው ኪስ ውስጥ ተገኘች። አንተ ስትፈታ እያንዳንዱን ዕቃ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድረው፤ ባጃጅ ውስጥ ትርፍ ብረት የለም።

ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብ። 6204 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዛቸው፤ 20 ሚሊ ሜትር፣ የአክስሉ ውፍረት ማለት ነው። 6205 ደግሞ 25 ነው። በ00፣ በ01፣ በ02 እና በ03 የሚያልቁት ግን በዚህ ስሌት አይሄዱም። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቱ አር ኤስ» ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን አለው፣ «ዜድ ዜድ» ከሆነ የቆርቆሮ። ለእኛ ጭቃ የጎማ ክዳን ያለው ይሻላል። ካምቢዮ ውስጥ የሚገባው ግን ዘይት እንዲደርሰው ክፍት ሆኖ ከተሠራ ክፍቱን ግዛ። «ይሄም ያው ነው» የሚልህን ባለሱቅ አመስግነህ ውጣ። የታወቀ ስም በርካሽ ሲቀርብልህም ተጠራጠር፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ስዊድን ውስጥ የተመሠረተው የኩሽኔታ ፋብሪካ ኤስ ኬ ኤፍ እንኳ ስሙን በሚሰርቁ አስመሳዮች ሲቸገር የኖረ ነው።

ክፍት ኩሽኔታ ካጠብክ በኮምፕሬሰር ነፋስ አታሽከርክረው፤ ያለ ግራሶ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይፋቃል፣ ሊበተንም ይችላል። ክፍቱ የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ግራሶውን በመዳፍህ እየገፋህ በኳሶቹ መካከል አስገባው፣ ከባዶው ቦታ ግን ሲሶውን ያህል ብቻ ሙላ። ሁለት ዓይነት ግራሶ አትቀላቅል።

ዳዶውን አጥብቀህ አዲስ ኮፒሊያ አድርግበት፤ አሮጌው ተቃንቶ አይመለስ። ሰው ሳትጭን ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳና የጎማውን እምብርት በእጅህ ንካው። ለብ ቢል ደግ ነው። እጅህ መቆየት ካልቻለ ግን መጀመሪያ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ እይ፤ ፍሬኑ ነፃ ከሆነ ሌላ ተሳፋሪ ሳትጠራ እንደገና ፍታው።