ፊደል መቁጠርና ማንበብ

ባለፈው ክረምት በከዚራ፥ በቁምስናችን ግቢ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፥ ሕፃናትን ሰብስበን እናስነብብ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች አንዲት ልጅ መጽሐፏን ገልጣ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትደናቀፍ ተወጣችው። እኔም አመሰገንኋት። ነገር ግን ዓይኗ ከሥዕሉ እንጂ ከጽሑፉ ላይ አለመሆኑን ስለ ታዘብሁ፥ ከገጹ መካከል «ውሃ» የሚለውን ቃል በጣቴ አመልክቼ «ይህ ምን ይላል?» አልኋት። ዝም አለች። ከዚያም ከገጹ መጀመሪያ ተነሥታ በቃሏ ትደግም ጀመር፤ ወደዚያ ቃል የሚያደርሳት ሌላ መንገድ አልነበራትምና። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፤ ያን ሁሉ በጆሮዋ ብቻ የያዘች ብሩህ ልጅ ናት። ሳይመረምር ያመሰገናት ግን እኔ ነበርሁ።

ውድ አንባብያን፥ ይህ የአንዲት ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፥ ከ100 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክና ተባባሪዎቹ በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ግምትም፥ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪቃ አገሮች 10 ዓመት ከሆናቸው 10 ልጆች ዘጠኙ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እንግዲህ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክና ልጅን ማስነበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

፩. የአባቶች ሥርዓት

ብዙዎች የቀድሞውን የቄስ ትምህርት የሽምደዳ ትምህርት ነው ብለው ይነቅፉታል። ይህ ግን ከፊል እውነት ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» የሚለውን ተራ በዜማ ስላወረደ ብቻ መምህሩ «አነበበ» አይለውም ነበር። ስንደዶ አስይዞ እያንዳንዱን ፊደል ከገበታው ላይ ያስነካዋል። ቀጥሎም ወደ «አቡጊዳ» ያሻግረዋል። በዚህ ተራ ከመጀመሪያው ፊደል ግዕዙ፥ ከሁለተኛው ካዕቡ፥ ከሦስተኛው ሣልሱ እየተወሰደ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይባላል። የለመደው ዜማ ስለሚፈርስበት ጆሮው ብቻውን አይረዳውም፤ ዓይኑ የግድ ይሠራል። ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ በኋላም ወደ ዳዊት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በእርግጥ ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ የሚለው ነገር አይገባውም ነበር። ሆኖም በቃል መያዝ ማንበብ እንዳልሆነ አባቶች አስቀድመው ዐውቀዋል።

፪. ፊደሉና ቋንቋው የሚጠይቁት

የአማርኛ ፊደል 33 ሲሆን፥ በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል። ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንታት በቃል ማስያዝ ሸክም ነው። ነገር ግን ቅርጾቹ ሥርዓት አላቸው። «ቡ፥ ሉ፥ ሙ፥ ሱ» በቀኝ ጎናቸው አንድ ዓይነት ምልክት እንዳላቸው ያየ ልጅ «ኩ»ን በራሱ ያገኛል። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡትን «ሩ»ንና «ፉ»ን ደግሞ ለብቻቸው ማሳየት ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» በዓል ነውን? ወይስ ያልደረሰ ነገር? «አለ» መናገር ነውን? ወይስ መኖር? ይህን የሚለየው ቋንቋውን አስቀድሞ በአፉ የሚያውቅ ልጅ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፉት አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግመው ያመለክታሉ።

ለዚህም ነው የቤት ቋንቋ ለንባብ መሠረት የሚሆነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ በከተማችንም በሦስቱ ቋንቋዎች ይሰጣል። ከደቻቱ ወዲህም ሆነ ማዶ ከሚኖሩት ልጆች መካከል ግን በቤቱ የማይነገር ቋንቋ በሚሰጥበት ክፍል የሚቀመጥ ይኖራል። እርሱ ቋንቋውንና ፊደሉን በአንድ ጊዜ ስለሚሸከም፥ ከማንበቡ በፊት በጨዋታና በተረት ቋንቋውን ልናስለምደው ይገባል።

፫. ምን እናድርግ?

መምህራን ሆይ፥ 231ዱ እስኪያልቁ አትጠብቁ። የ«በ»፥ የ«ለ» እና የ«ተ» ቤት እንደ ታወቀ «ቤት»፥ «ላባ»፥ «ሌባ» ማንበብ ይቻላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ያልገባው ልጅ በመካከል ይደበቃል፤ ስለዚህ ክፍሉ ብዙ ቢሆንም በየቀኑ ጥቂቶቹን በየተራ ብቻቸውን አስነብቡ።

ወላጆች ሆይ፥ ማንበብ ባትችሉም ልጃችሁን መርዳት ትችላላችሁ። ከገጹ መካከል አንድ ቃል አመልክታችሁ ጠይቁ፤ ያው ቃል ከታች ሲገኝም ፈልጎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። አንብቦ ሲጨርስም «ምን አለ?» ብላችሁ ታሪኩን በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

ያችን ልጅ ከ«ው» እና ከ«ሃ» አስጀመርናት። ጳጉሜን ሳይገባ «ውሃ»ን ከማናቸውም ገጽ ለይታ ታወጣ ነበር። ገጹን እንደ ቀድሞው በፍጥነት አትወጣውም፤ እየቆመች፥ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። አሁን ማመስገን ይገባል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. በቤታችን ያለው ልጅ ያነባልን? ወይስ በቃሉ ይደግማል? ይህን በምን እናውቃለን?
፪. በቤት የምንነጋገርበት ቋንቋና ልጃችን የሚማርበት ቋንቋ አንድ ነውን? ካልሆነ እንዴት እንረዳዋለን?
፫. ቁምስናችን በክረምት ለሕፃናት ንባብ ምን ሊያዘጋጅ ይችላል?