መርፌው ነው ወይስ ኖዝሉ?

ጥያቄ፦ ኢዋታ ኤችፒ-ሲ ፕላስ ኤርብረሽ አለኝ። ሰሞኑን ቀለሙ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይወጣል፤ የቀለም ማስቀመጫው ውስጥም አረፋ ይነሳል። ደጋግሜ ባጥበውም ለውጥ የለም። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ የለም፣ አይግዙ። የነገሩኝ ሁለቱም ምልክቶች የጫፉ ናቸው። አስቀድመው መርፌውን ወደ ኋላ ስበው ያውጡት፤ ጫፉን ጥፍርዎ ላይ እያሽከረከሩ በቀስታ ይጎትቱት። ከጫረዎ ታጥፏል ማለት ነው። ጥቂት የታጠፈውን ለስላሳ ብረት ላይ አጋድመው እያንከባለሉ ማቃናት ይቻላል፤ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ግን ይቀየር።

አረፋው አየር ወደ ቀለሙ መንገድ እየገባ መሆኑን ይነግርዎታል። ኖዝሉ ላልቶ ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። አብሮት በመጣው ትንሽ ቁልፍ ፈትተው አፉን በአጉሊ መነጽር ይዩት። ክብ መሆን አለበት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ካዩበት አበቃለት፣ አይጠገንም። ደህና ከሆነ ጥርሱን ጥቂት የንብ ሰም ቀብተው ይመልሱት።

አደራ የምለው እዚህ ላይ ነው፦ አያጥብቁት! በጣትዎ አስገብተው ሲቆም፣ በቁልፉ ትንሽ ብቻ ይጨምሩ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኖዝል አንገቱ ተቆርጦ ጥርሱ የኤርብረሹ አካል ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ፤ ያንን ማውጣት ከባድ ነው። መርፌው ሁልጊዜ ከኖዝሉ በፊት ይወጣል፣ ከኖዝሉ በኋላ ይገባል።

ሲገዙ የ0.3 ሚሊ ሜትሩን ይጠይቁ፤ የ0.2ቱ መርፌ እዚህ አይገጥምም። መርፌውም ኖዝሉም ካረጁ አብረው ይቀየሩ። መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ቲነር ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ የጎማ ማኅተሞቹ ያብጣሉ።