ፈረሱ ወይስ ፈረሰኛው?

በትምህርት ቤታችን የፎርሙላ ዋንን የመኪና እሽቅድምድም የሚከታተሉ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ በመካከላቸውም የማይበርድ ክርክር አለ። ይኸውም «እገሌ የተባለው ወጣት አሽከርካሪ ለታላቅ ቡድን ይበቃል ወይስ አይበቃም?» የሚለው ነው። ተከራካሪዎቹ ዘወትር ምስክር አድርገው የሚያቀርቡት የዓመቱን የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። እኔ ግን ሰንጠረዡ ብቻውን ለዚህ ፍርድ የሚበቃ ምስክር አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም በአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ታሪክ ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሩቅ ተመልካች የሚወዳደሩት ሰዎቹ ብቻ ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2019 ዐሥር ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት አሽከርካሪ አሰልፎ ነበር፤ መኪናውንም እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ መሐንዲሶች ያሠራል። ስለዚህ አንዱ በሰባ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ሌላው በከሳ ፈረስ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ እስከ ዐሥረኛ ለወጡት ብቻ ነው፤ በከሳው ፈረስ ላይ ያለው ሰው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ዐሥራ አምስተኛ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግዲህ ፈረሰኛውን ከፈረሱ ለይቶ ለማየት የሚቻለው በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች በማነጻጸር ነው፤ የሁለቱ መኪና አንድ ዓይነት ነውና። በተለይ ከውድድሩ በፊት የመነሻ ቦታ ለመለየት የሚደረገው የሰዓት ፈተና ብዙ ያስተምራል፤ በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ የሚታገለው ከሰዓት ጋር እንጂ ከሌላ መኪና ጋር አይደለም።

ጆርጅ ራስል በ2018 የፎርሙላ ቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2019 በ21 ዓመቱ ዊሊያምስ ወደተባለው ቡድን ገባ። የዊሊያምስ መኪና በዚያ ዓመት ከሁሉ የዘገየ ነበር። ባልደረባው ፖላንዳዊው ሮበርት ኩቢትሳ ነበር፤ በዓመቱ 21 ውድድሮች ሁሉ በሰዓት ፈተናው የቀደመው ራስል ነው፤ 21 ለ0 ማለት ነው። ታዲያ ሰንጠረዡ ምን ይላል? ኩቢትሳ 1 ነጥብ፣ ራስል ምንም! ነገሩ የሆነው በጀርመን አገር ነው። በዝናብ በተደረገው ውድድር ኩቢትሳ 12ኛ፣ ራስል 13ኛ ሆነው ከጨረሱ በኋላ ከፊታቸው የነበሩት ሁለት የአልፋ ሮሜዮ አሽከርካሪዎች ተቀጡ፤ ኩቢትሳ ወደ 10ኛ፣ ራስል ወደ 11ኛ ከፍ አሉ። በዚህም የተነሣ ራስል ከ20ዎቹ አሽከርካሪዎች መጨረሻ ሆኖ ተመዘገበ።

ይሁን እንጂ በፍርድ ማድላት አይገባም። ኩቢትሳ በ2008 የካናዳን ውድድር ያሸነፈ ሰው ቢሆንም፣ በ2011 በደረሰበት ከባድ አደጋ ቀኝ እጁ እጅግ ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው 21 ጊዜ መቅደም የራስልን ፍጥነት ያሳያል፤ ልኩን ግን አያሳይም። ሚዛኑ ራሱ የጎደለ ነበርና።

የተሟላው ሚዛን የመጣው በዲሴምበር 2020 በባሕሬን ነው። የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተን በኮሮና በሽታ ተይዞ ስለ ቀረ ራስል ተተክቶ ገባ፤ መኪናው ለሌላ ሰው የተሰናዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ረጅም በመሆኑ መቀመጫው ጠበበው። በሰዓት ፈተናው ቫልተሪ ቦታስ ቀደመው፤ ግን በ0.026 ሴኮንድ ብቻ ነው! ዐይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ አይበቃም። ውድድሩ ሲጀመር ራስል ወዲያው መሪነቱን ያዘ፤ ያለ መንቀጥቀጥም ብዙ ዙር መራ። ኋላ ጎማ ለመለወጥ ሲቆም ሠራተኞቹ ተሳስተው ለቦታስ የተዘጋጀውን የፊት ጎማ ገጠሙለት፤ እንደገና ቆሞ ማስለወጥ ግድ ሆነ። ከዚያም ቦታስን አልፎ ወደ መሪው ወደ ሰርጂዮ ፔሬዝ ሲገሰግስ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። 9ኛ ወጣ። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ይህንን «9ኛ» ብቻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የዚያ ወጣት ዲፕሎማ የተጻፈው በዚያች ሌሊት ነው።

መርሴዲስ ግን አልቸኮለም፤ አንድ ዓመት በዊሊያምስ ካቆየው በኋላ በ2022 አስገባው። በዚያ ዓመት ራስል 275፣ ሃሚልተን 240 ነጥብ አገኙ፤ የቡድኑን ብቸኛ ድል በሳኦ ፓውሎ ያመጣውም ራስል ነው። በ2023 ሃሚልተን መልሶ ቀደመው፤ በ2024 ደግሞ ራስል። አንድ ዓመት ብቻ አይቶ መፍረድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በ2025 ሃሚልተን ወደ ፌራሪ ሲሄድ ግን ቡድኑ ሌላ መንገድ መረጠ። አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ የተባለውን ኢጣሊያዊ በ18 ዓመቱ፣ ማለት በእኔ ዕድሜ፣ በደካማ ቡድን ሳያሠለጥን ከፎርሙላ ቱ በቀጥታ አስቀመጠው። ልጁ በመጀመሪያ ውድድሩ በሜልቦርን ከ16ኛ ተነሥቶ 4ኛ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ራስል 319፣ እሱ 150 ነጥብ ነበራቸው። እኔ ባቀረብኩት ሚዛን ብንመዝነው ገና ያልበሰለ ነበር፤ ሚዛኑ ግን የሰባት ዓመት ልምድ ያለው ራስል መሆኑን አንርሳ። በኖቬምበር በሳኦ ፓውሎ አንቶኔሊ 2ኛ፣ ራስል 4ኛ ወጥተዋል። ስለዚህ ቡድኑ ቸኩሎ ነበር ወይ ብባል፣ አዎን፣ አንድ ዓመት ቸኩሎ ነበር እላለሁ፤ ሰውየውን ግን በመምረጡ አልተሳሳተም።