ሦስቱ ወሰኖች፤ የወፍጮው ጭስ በማን መዝገብ ይጻፍ?



ከለጋሽ ድርጅቶች በሚመጡ የማመልከቻ ቅጾች ላይ «ሥራችሁ ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቃል?» የሚል ጥያቄ እየተለመደ መጥቷል። ጥያቄው ለፋብሪካ እንጂ ለአጥቢያ የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ወፍጮ ቤት የምታስተዳድር፣ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሱቅ የምታከራይ አጥቢያ በዚህ ጉዳይ እንደ ማንኛውም የንግድ ድርጅት ትታያለች። መልሱም በግምት የሚሞላ አይደለም፤ ስሌት አለው። ከስሌቱ በፊት ግን ጭሱ የማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ይህን መለያ ያበጁት የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩትና የዓለም የንግድ ምክር ቤት ለዘላቂ ልማት ናቸው። መመሪያቸው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ በ2004 ተሻሽሎ ታተመ። ልቀትንም በሦስት ይከፍላል። በእንግሊዝኛ «ስኮፕ» የተባለውን እኛ «ወሰን» እንበለው፤ በእርሻ መሬት መካከል እንደሚደረገው ወሰን የእኔን ከጎረቤቴ ይለያልና።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ በቡሹሎ ያለች አንዲት አጥቢያ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አላት እንበል። በወፍጮው ሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ናፍጣ ወሰን አንድ ነው፤ ሞተሩን የምታዝበት አጥቢያዋ ናትና። የጄኔሬተሩና የሰበካ ጉባኤው መኪና ነዳጅ፣ ከማቀዝቀዣ የሚያፈተልከው ጋዝ ሳይቀር ከዚሁ ይገባሉ። ወሰን ሁለት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚገዛው ኃይል ነው፤ ልቀቱ በማመንጫው ቦታ ቢሆንም ኃይሉን የተጠቀመችበት አጥቢያዋ ስለሆነች ይቈጠርባታል። ወሰን ሦስት በአጥቢያዋ ሥራ ምክንያት ከሌሎች ሰዎች ንብረት የሚወጣው ነው፤ ዱቄቱን የሚያጓጉዘው የኪራይ አይሱዙ፣ የተገዛው ሲሚንቶ፣ ሠራተኛው ተሳፍሮበት የሚመጣው ባጃጅ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ተጨማሪ መመሪያ ይህን ሦስተኛውን ብቻ በ15 ንዑስ ክፍሎች ዘርዝሮታል፤ ሁሉን ማጥናት ለእኛ አያስፈልግም።

አንዱ ጭስ በሁለት መዝገብ መጻፉ ብዙዎችን ያደናግራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እናስብ። በዚያ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ በራሱ ጄኔሬተር የሚያቃጥለው ነዳጅ ለፋብሪካው ወሰን አንድ ነው፤ ልብሱን አዝዞ በውጭ አገር ለሚሸጠው ኩባንያ ግን ያው ጭስ ወሰን ሦስት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ አምራቹም አዛዡም ሊቀንሱት ስለሚችሉ ሁለቱም ይጠየቁበታል። ስሕተት የሚሆነው የሁለቱን መዝገብ ደምሮ የአገር ልቀት ነው ማለት ነው።

ወደ ወፍጮው እንመለስ፤ ጉባኤውን የሚፈትነው ውሳኔ እዚያ ነውና። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ወፍጮው በወር 250 ሊትር ቢፈጅ 675 ኪሎ ግራም፣ በዓመት 8.1 ቶን ይሆናል። ይህን ለመቀነስ አንደኛው መንገድ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ነው። ኤሌክትሪኩን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር ይህ አብዛኛውን ጭስ ከወሰን አንድ ወደ ወሰን ሁለት ማዛወር ይሆናል። በእኛ አገር ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚገኝ ቅነሳው እውነተኛ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ብቻ በወሰን አንድ ይቀራል፤ እርሱም እንዳይዘነጋ።

ሁለተኛው መንገድ ወፍጮውን ለግለሰብ ማከራየት ነው። ከዚያ በኋላ በሞተሩ የሚያዝበት ተከራዩ ስለሆነ ጭሱ ከአጥቢያዋ ወሰን አንድ ወጥቶ ወደ ወሰን ሦስት ያልፋል። ቅጹ ወሰን አንድንና ሁለትን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ 8.1 ቶኑ ከወረቀቱ ይጠፋል። ከቡሹሎ አየር ግን አንድም ኪሎ አልቀነሰም፤ በወፍጮው ደጃፍ ተራ የሚጠብቁት እናቶችም ያንኑ ጭስ ይስባሉ። ማከራየቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ገቢው ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ሊውል ይችላል። «ልቀት ቀነስን» ብሎ ማመልከት ግን እንደ እኔ እምነት በሐሰት መመስከር ነው። መመሪያውም ቢሆን አንድ ሥራ ለሌላ ሲተላለፍ የመነሻው ዓመት ስሌት አብሮ እንዲስተካከል ያዝዛል፤ እንዲህ ያለው ቅነሳ እንዳይታይ ማለት ነው።

በማገዶ የምትጋግሩና የምታበስሉ አንድ ልዩ ሕግ ልብ በሉ። ዛፍ የሚያድገው ካርቦንን ከአየር ወስዶ ስለሆነ ከማገዶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሦስቱ ወሰኖች ውጭ ለብቻው ይጻፋል። አብረውት የሚወጡት ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ግን በወሰን አንድ ይገባሉ፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ለብቻው ይጻፋል ማለት አይቈጠርም ማለት አይደለም። በተቈረጠው ዛፍ ፈንታ ሌላ ካላደገ የወጣውን ከአየር የሚመልስ የለም። ይህን የቤተ ክርስቲያንን ደን ጠብቀው ላቆዩ አባቶች መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ስለ ጧፍና ሻማም ይጠየቃል። የሰም ጧፍ እንደ ማገዶው ይታያል፤ የፓራፊን ሻማ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ በወሰን አንድ ይገባል። መጠኑ ግን ከወፍጮው አንጻር ኢምንት ነውና ጉባኤ ተቀምጣችሁ አትከራከሩበት። ይልቅስ ሕንፃ በምትሠሩበት ዓመት ሲሚንቶውን አስቡ። ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል የሚለቀው ነው። ይህም ለሙገር ፋብሪካ ወሰን አንድ፣ ለእናንተ ወሰን ሦስት ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና የተጠበቀ ደረሰኝ ነው። ከናፍጣ ደረሰኙ ላይ ብሩን ብቻ ሳይሆን ሊትሩን ጻፉ፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከብር ተነሥቶ ጭሱን በትክክል ማስላት ያዳግታል። ከመብራት ቢሉ ላይ ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ከሲሚንቶው ላይ ኩንታሉን ውሰዱ። ወፍጮው ተከራይቶ ከሆነም በውሉ ውስጥ ተከራዩ በየወሩ የሚፈጀውን ሊትር ለሰበካ ጉባኤው እንዲያሳውቅ አንድ አንቀጽ ይጨመር።